ራም የማያባክን የሊኑክስ ዴስክቶፕ ለመምረጥ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ቀለል ያለ ዴስክቶፕ ብጭን በእርግጥ ራም ይተርፈኛል?

ይተርፍዎታል። ዴስክቶፕ ስል መስኮቶችን፣ ሜኑንና ፓነልን የሚያቀርበውን የሊኑክስ ገጽታ ማለቴ ነው፤ ግኖም፣ ኤክስኤፍሲኢና ኤልኤክስኪውቲ የዚህ ዓይነት ናቸው። ምን ያህል እንደሚተርፍ ግን ከወዲሁ ማወቅ ይበጃል፤ ብዙ ሰው ከሚገባው በላይ ጠብቆ በኋላ ያዝናል። ኮምፒውተሩ ተነሥቶ አንድም ፕሮግራም ሳይከፈት ግኖም ብዙውን ጊዜ 1 ጊጋባይት ወይም ከዚያ በላይ ይይዛል። ኤክስኤፍሲኢ ከ500 እስከ 800 ሜጋባይት አካባቢ ይበቃዋል፤ ኤልኤክስኪውቲ ከእርሱ እኩል ወይም ጥቂት ዝቅ ይላል። እንደ አይስደብሊውኤም ያለ የመስኮት አስተዳዳሪ ብቻውን፣ ትርፍ አገልግሎት በሌለበት ዲስትሮ (እንደ ኡቡንቱና ዴቢያን ያለ የሊኑክስ ሥርጭት) ላይ ሲሠራ፣ ከ300 ሜጋባይት በታች ሊወርድ ይችላል። ቁጥሮቹ በዲስትሮው፣ የሊኑክስ እምብርት በሆነው በከርነሉና በግራፊክስ ድራይቨሩ ስለሚለዋወጡ ለመነሻ ግምት እንጂ ለክርክር አይሆኑም።

ዋናው ነገር ቁጠባው አንድ ጊዜ ብቻ የሚገኝ መሆኑ ነው። ከግኖም ወደ ኤክስኤፍሲኢ የተሻገረ ሰው ግማሽ ጊጋባይት ገደማ ያተርፋል፤ በዚያው ያበቃል። ይህ መጠን 16 ጊጋባይት ራም ላለው ኮምፒውተር ከቁም ነገር አይገባም። 2 ጊጋባይት ላለው ግን የራሙ ሩብ ነው፤ ብራውዘር ከፍቶ መሥራት መቻልና አለመቻልን የሚወስነውም እሱ ሊሆን ይችላል።

ዴስክቶፕ ያን ያህል ራም የሚይዘው ለምንድን ነው?

አንድ ፕሮግራም ስላልሆነ ነው። መስኮቶችን የሚያንቀሳቅሰው አስተዳዳሪ አለ፤ ፓነሉና ሜኑው አሉ፤ የግድግዳ ሥዕሉን የሚያሳየው፣ ማሳወቂያ የሚያወጣው፣ የድምፅና የኔትወርክ ምልክቶችን የሚይዘው፣ ፍላሽ ሲሰካ የሚያውቀው ሁሉም ለየብቻቸው የሚሠሩ ናቸው። በዚያ ላይ ከጀርባ ሆነው ፋይል የሚመዘግቡና ዝማኔ የሚፈልጉ አገልግሎቶች ይጨመራሉ።

የአሠራር ልዩነትም አለ። የግኖም ሼል ገጽታ በአብዛኛው በጃቫስክሪፕት የተጻፈ በመሆኑ የጃቫስክሪፕት ሞተር ዘወትር አብሮት ራም ውስጥ ይቀመጣል። ኦፕንቦክስ በአንጻሩ በሲ ቋንቋ የተጻፈ ትንሽ ፕሮግራም ነው፤ መስኮት ከማስተዳደር ውጪ ሥራ የለውም።

ራሜ ምን ያህል እንደተያዘ በትክክል የማውቀው እንዴት ነው?

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ስለሆነ ጥቂት ልዘርዝረው። ሊኑክስ ሥራ ፈቶ የተቀመጠ ራም አይወድም። ከዲስክ ያነበባቸውን ፋይሎች ደግመው ቢፈለጉ ብሎ በባዶው ራም ላይ ያቆያቸዋል፤ ይህ ካሽ ይባላል። ፕሮግራም ራም ሲጠይቅ ካሹን ወዲያው ለቅቆ ይሰጣል። ስለዚህ ነጻ ራም አነሰ ማለት ራም አለቀ ማለት አይደለም።

ተርሚናል ላይ ፍሪ የሚባለውን ትዕዛዝ ቢያስኬዱ የሚያዩትን እናስብ። ኮምፒውተሩ 4 ጊጋባይት ራም አለው እንበል። ጠቅላላው 3.7 ጊጋባይት ይላል፤ የጎደለውን አብሮ የተሠራው ግራፊክስና ከርነሉ ራሱ አስቀድመው ወስደውታል። ነጻ በሚለው ዓምድ ሥር 0.2 ጊጋባይት ብቻ ይታያል። ካሹ 2.6 ጊጋባይት ነው። ይህን ያየ ሰው ኮምፒውተሩ ሊታፈን ነው ብሎ ይደነግጣል። መታየት ያለበት ግን የመጨረሻው፣ አቬይለብል የሚለው ዓምድ ነው፤ እዚያ 2.5 ጊጋባይት ተጽፎ ከሆነ አዲስ ለሚከፈት ፕሮግራም ያን ያህል ቦታ አለ ማለት ነው። ከርነሉ ይህን ግምት ራሱ ማውጣት የጀመረው በ2014 (እዚህ ያሉት ዓመቶችና ወሮች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ከወጣው 3.14 እትም አንሥቶ ነው። ከዚያ በፊት የተጻፉ መመሪያዎች ተጠቃሚው ራሱ እንዲደምርና እንዲቀንስ የሚያዙት ለዚህ ነው።

ሁለት ዴስክቶፖችን ለማወዳደር ከፈለጉ በአንድ ኮምፒውተር ላይ፣ በአንድ መሣሪያ ይለኩ። የግኖም፣ የኤክስኤፍሲኢና የፕላዝማ መከታተያዎች ካሽን የሚቆጥሩበት መንገድ አንድ ላይሆን ስለሚችል አንዱን በአንዱ፣ ሌላውን በሌላው ለክቶ ማወዳደር ከንቱ ድካም ነው። ኮምፒውተሩን እንደገና ያስነሡ፤ ገብተው ዝማኔ ፈላጊውና ፋይል መዝጋቢው እስኪረጋጉ ጥቂት ደቂቃ ይጠብቁ፤ ከዚያ ያንብቡ። በፍላሽ በሚነሣ የሙከራ ሲስተም ላይ አይለኩ፤ የሚጽፈውን ሁሉ ራም ላይ ስለሚያስቀምጥ ቁጥሩ ይጋነናል። በቨርቹዋል ማሽን ውስጥም ቢሆን የግራፊክስ ድጋፍ ከሌለ ሥዕሉን ፕሮሰሰሩ ስለሚሠራው ውጤቱ ይዛባል።

በፕሮግራሞች ዝርዝር ላይ ያሉትን ቁጥሮች መደመርም አያዋጣም። ብዙ ፕሮግራሞች የሚጋሩት ላይብረሪ (ዝግጁ የኮድ ስብስብ) በእያንዳንዳቸው ሥር ስለሚቆጠር ድምሩ ከእውነተኛው ይበልጣል። የጋራውን አካፍሎ የሚያሳይ ኤስሜም የሚባል መሣሪያ አለ፤ ለዚህ ጉዳይ ከሁሉም የተሻለው እሱ ነው።

እሺ፣ የትኛውን ልምረጥ?

ራምዎ ይወስን። 8 ጊጋባይትና ከዚያ በላይ ካለዎት ለራም ብለው ዴስክቶፕ አይቀይሩ፤ የሚወዱትን ይጫኑ። 4 ጊጋባይት ካለዎት የእኔ ምርጫ ኤክስኤፍሲኢ ነው። 2 ጊጋባይት ላይ ኤልኤክስኪውቲ ወይም በልኩ የተጫነ ኤክስኤፍሲኢ ይሠራል፤ ስዋፕ (ራም ሲሞላ ትርፉ የሚቀመጥበት ቦታ) ግን የግድ ነው። 1 ጊጋባይት ብቻ ከሆነ እንደ አንቲኤክስ ያለ፣ አይስደብሊውኤምን አዘጋጅቶ የሚያቀርብ ዲስትሮ ይፈልጉ፤ የዛሬው ድረ ገጽ በዚያ ራም ላይ ምቾት እንደማይሰጥም አስቀድመው ይቀበሉ። ለጽሑፍ ሥራ፣ ለሙዚቃና ለተርሚናል ግን ይበቃል።

ኤክስኤፍሲኢና ኤልኤክስኪውቲ ምን ያለያያቸዋል?

ኤክስኤፍሲኢ በ1996 በኦሊቪየር ፉርዳን የተጀመረ ነው። በዝግታ ይሄዳል፤ 4.18 በታኅሣሥ 2022 ወጥቶ 4.20 የተከተለው ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። አንዳንዱ ይህን እንደ ድክመት ያየዋል። ለአሮጌ ኮምፒውተር ግን እንዲህ ያለ ትዕግሥት ጸጋ ነው፤ ዛሬ የለመዱት ፓነል ከዓመት በኋላም እዚያው ይጠብቅዎታል። የፋይል አስተዳዳሪው ቱናር ፈጣን ነው፤ ቅንብሮቹም በአንድ መስኮት ተሰብስበዋል።

ኤልኤክስኪውቲ ወጣት ነው። የቆየው ቀላል ዴስክቶፕ የኤልኤክስዲኢ አዘጋጆች ሬዘርኪውቲ ከተባለ ሌላ ዴስክቶፕ ጋር ተዋሕደው የፈጠሩት ሲሆን የመጀመሪያው እትም በ2014 ወጣ። 1.0 የደረሰው በ2021 ነው፤ በሚያዝያ 2024 በወጣው 2.0 ደግሞ ወደ ኪውቲ 6 ላይብረሪ ተሻገረ። የኡቡንቱ ቤተሰብ የሆነው ሉቡንቱ ከ18.10 እትም ጀምሮ የሚጠቀመው እሱን ነው። መስኮቶቹን ብዙውን ጊዜ ኦፕንቦክስ ስለሚያስተዳድርለት የአንዳንድ ነገሮች ቅንብር በሌላ ፕሮግራም ውስጥ ይገኛል፤ አዲስ ሰው ፈልጎ እስኪያገኘው ይንከራተታል።

በራም በኩል ያላቸው ልዩነት ትንሽ ስለሆነ መወሰን ያለበት በሌላ ነገር ነው፦ በየቀኑ በሚከፍቷቸው ፕሮግራሞች። ኤክስኤፍሲኢ የተሠራው በጂቲኬ፣ ኤልኤክስኪውቲ በኪውቲ ላይብረሪ ነው። ላይብረሪው አንዴ ራም ላይ ከወጣ የሚፈልጉት ፕሮግራሞች ሁሉ ይጋሩታል። ሥራዎ ጊምፕና ኢንክስኬፕ ከሆነ እነርሱ በጂቲኬ የተሠሩ ስለሆኑ ኤክስኤፍሲኢ ያስኬዳል። ቪኤልሲ፣ ኦኩላርና ኬደንላይቭ የሚያዘወትሩ ከሆነ ደግሞ ኪውቲ አስቀድሞ ስለሚኖር ኤልኤክስኪውቲ ይመቻል። ቀላል ዴስክቶፕ ጭኖ ከሌላው ወገን ፕሮግራሞችን የሚሰበስብ ሰው ሁለቱንም ላይብረሪ ይጭናል፤ ካተረፈው ላይ ከፊሉን መልሶ ይከፍላል።

ኤልኤክስዲኢስ? ከሁሉ ይቀልላል ሲባል እሰማለሁ።

ዛሬም ቀላል ነው፤ በዴቢያንም ይገኛል። ነገር ግን የተመሠረተበት ጂቲኬ 2 በታኅሣሥ 2020 ጂቲኬ 4 ሲወጣ ድጋፉ አብቅቷል። አሁን አዲስ ለሚጭን ሰው አልመክረውም።

ማቴ፣ ሲናሞንና ፕላዝማ ከባድ ናቸው?

ማቴ መካከለኛ ነው። ግኖም 3 በ2011 ሲወጣ አሮጌውን ግኖም 2 የወደዱ ሰዎች ቀጥለው የያዙት ሲሆን በራም አጠቃቀሙ ከኤክስኤፍሲኢ ብዙም አይርቅም። ሲናሞን የሊኑክስ ሚንት ዋና ገጽታ ነው፤ ለግኖም የቀረበ ክብደት አለው። ሚንት ራሱ የኤክስኤፍሲኢ እትም የሚያወጣው ያለ ምክንያት አይደለም።

የኬዲኢ ዴስክቶፕ የሆነው ፕላዝማ ስሙ ከሥራው የከፋ ነው። ከባድ ነው የሚለው ወሬ ኬዲኢ 4 በ2008 ከወጣበት ጊዜ የቀረ ነው። የዛሬው ፕላዝማ፣ ባሉ የሚባለው ፋይል መዝጋቢና የመስኮት ማሳመሪያው ቢጠፉ፣ ከግኖም ያነሰ ራም ይዞ ሊሠራ ይችላል። 4 ጊጋባይት ላይ ውበት ካልቀረብኝ የሚል ሰው ሊሞክረው ይችላል።

ዴስክቶፑን ትቼ የመስኮት አስተዳዳሪ ብቻ ብጠቀምስ?

ይቻላል። ኦፕንቦክስ፣ ፍላክስቦክስ፣ ጄደብሊውኤም፣ አይስደብሊውኤምና አይ3 ሁሉም ለብቻቸው ይሠራሉ። በባዶው ዴቢያን ላይ ኦፕንቦክስ ጭነው ሲገቡ ግራጫ ስክሪንና የአይጥ ቀስት ብቻ ያገኛሉ። ቀኙን ሲጫኑ አጭር ሜኑ ይወጣል። ፓነል የለም፤ ሰዓት የለም። ዋይፋይ የሚመርጡበት ምልክት፣ ድምፅ የሚቀንሱበት ቁልፍ፣ ፍላሽ ሲሰካ የሚከፍት፣ የይለፍ ቃል የሚጠይቅ መስኮት፣ ስክሪን የሚቆልፍ የለም። በላፕቶፕ ላይ ከሁሉም የሚያናድደው የባትሪ ማስጠንቀቂያ አለመኖሩ ነው፤ ጽሑፍዎን ሳያስቀምጡ ስክሪኑ ድንገት ይጨልማል።

እነዚህን አንድ በአንድ እየጫኑ ሲሄዱ የኤልኤክስኪውቲ ያህል ይደርሳሉ፤ ልዩነቱ ኤልኤክስኪውቲ ተስማምተው እንዲሠሩ አድርጎ ያቀረባቸው መሆኑ ነው። ይህን መንገድ የምመክረው መገጣጠሙን ለሚወድ ሰው ነው። ራሙ ብቻ ከሆነ ጉዳዩ፣ አንቲኤክስ ወይም ቡንሰንላብስ ሥራውን አስቀድመው ሠርተውታል።

ሲስተሙን እንደገና መጫን አለብኝ?

የለብዎትም። የዴስክቶፑን ፓኬጅ ይጭናሉ፣ ይወጣሉ፣ በመግቢያው ስክሪን ላይ ካለው ትንሽ ምልክት አዲሱን መርጠው ይገባሉ። አሮጌው ዲስክ ላይ ቢቀመጥ ራም አይወስድም፤ ራም የሚይዘው የሚሠራው ብቻ ነው። የሚያስቸግረው ሌላ ነው፦ ሜኑው በሁለት ፋይል አስተዳዳሪና በሁለት የጽሑፍ ማረሚያ ይሞላል፤ የአሮጌው አንዳንድ አገልግሎቶችም በአዲሱ ውስጥ ሊነሡ ይችላሉ።

ሲጭኑ ፓኬጁን ይለዩ። በኡቡንቱ ላይ ኤክስኤፍሲኢን የሚጠቀመውን የኡቡንቱ እትም፣ የዙቡንቱን ሙሉ ስብስብ መጫንና ኤክስኤፍሲኢን ብቻ መጫን አንድ አይደለም፤ የመጀመሪያው የራሱን መተግበሪያዎችና ገጽታዎች ሁሉ ጠርቶ ያመጣል።

ያው ኤክስኤፍሲኢ በአንዱ ዲስትሮ ከባድ፣ በሌላው ቀላል የሆነብኝ ለምንድን ነው?

ዴስክቶፑ ያው ሆኖ ከጀርባው ያለው ስለሚለያይ ነው። የኡቡንቱ ቤተሰቦች ስናፕ የተባለውን የፕሮግራም መጫኛ አገልግሎትና ዝማኔ አሳዋቂን ይዘው ይመጣሉ፤ በትንሹ የተጫነ ዴቢያን እነዚህ የሉትም። ልዩነቱ አንዳንዴ በሁለት ዴስክቶፖች መካከል ካለው ልዩነት ይበልጣል። ስለዚህ ዴስክቶፕ ሲመረጥ ዲስትሮውም አብሮ ይታሰብ።

ከተጫነ በኋላ ምን ምን ላጥፋ?

በኤክስኤፍሲኢ ቅንብር ውስጥ ከዴስክቶፑ ጋር አብረው የሚነሡ ፕሮግራሞች ዝርዝር አለ፤ ከእሱ ይጀምሩ። ብሉቱዝ የሌለው ኮምፒውተር የብሉቱዝ ምልክት አያስፈልገውም። ፕሪንተር ከሌለ የፕሪንት አሳዋቂው ይጥፋ። ዝማኔ አሳዋቂውን ካጠፉ ግን በየሳምንቱ ራስዎ ማዘመንን አይርሱ። ፋይል መዝጋቢ ካለ ማጥፋቱ በተለይ በሚሽከረከር ዲስክ ላይ ወዲያው ይታወቃል። በግኖም ላይ ለመቆየት ለወሰነ ሰው ደግሞ የሶፍትዌር መደብሩ ከጀርባ ሆኖ እንዳይነሣ ማድረግ ጥሩ ጅምር ነው።

የማያውቁትን አያጥፉ። ፖሊሲኪት (የይለፍ ቃል ጠይቆ ፈቃድ የሚሰጠው)፣ ኔትወርክ ማኔጀርና የድምፅ አገልግሎቱ ጥቂት ሜጋባይት ብቻ ይይዛሉ፤ ሲጠፉ ግን የሚያስከትሉት ጣጣ ብዙ ነው።

የግድግዳ ሥዕልና ማሳመሪያ ራም ይበላሉ?

ሥዕሉ ይበላል፤ መጠኑን ማስላት ግን ቀላል ነው። አንድ ነጥብ ራም ላይ 4 ባይት ይይዛል። 1920 በ1080 የሆነ ሥዕል 8 ሜጋባይት ገደማ፣ 3840 በ2160 የሆነው 33 ሜጋባይት ገደማ ይሆናል። ፋይሉ ዲስክ ላይ ግማሽ ሜጋባይት መሆኑ ምንም አይለውጥም፤ ራም ላይ ሲወጣ ይዘረጋል። ሥዕሉን በስክሪንዎ ልክ አሳንሰው ቢያስቀምጡ ይበቃል። በአንድ ቀለም መተካት ያን ያህል አያስፈልግም።

የመስኮት ጥላና ግልጽነት የሚሠራው ክፍል ቢጠፋ ጥቂት ራም ይተርፋል፤ የተከፈተ መስኮት ሁሉ ምስሉን በራም ላይ እንዲይዝ የሚያደርገው እሱ ነውና። በለውጡ ቪዲዮ ሲንቀሳቀስ ስክሪኑ የሚቆራረጥ ከሆነ መልሰው ያብሩት። ጨለማ ገጽታ ራም ይቆጥባል የሚባለው ግን መሠረት የለውም።

ዴስክቶፑን አቀለልኩ፣ ብራውዘር ስከፍት ግን ያው ነው። ለምን?

ምክንያቱም ዋናው በላተኛ እሱ ነው። የዛሬ ብራውዘር ለደኅንነት ሲል ድረ ገጾችን በየተለየ ፕሮሰስ ያስኬዳል፤ ክሮም ይህን በ2018 ከወጣው 67ኛ እትሙ ጀምሮ በኮምፒውተር ላይ በስፋት ሥራ ላይ አውሏል። አንድ ከባድ ገጽ ብቻውን ብዙ መቶ ሜጋባይት ሊይዝ ይችላል። ከግኖም ወጥተው ያተረፉትን ሁለት ታብ ሊጨርሰው ይችላል ማለት ነው።

ስለዚህ ጥረትዎን እዚህ ላይ ያውሉ። ማስታወቂያ የሚከለክል ቅጥያ አንድ ብቻ ይኑርዎት፤ በማስታወቂያ የተጨናነቁ ገጾች ላይ ቁጠባው ይታያል። የማያስፈልጉ ሌሎች ቅጥያዎችን ያስወግዱ። የማያዩዋቸውን ታቦች ብራውዘሩ እንዲያስተኛ ይፍቀዱለት። እንደ ፕሮግራም የሚጫኑ ብዙ የመልእክት መተግበሪያዎች ኤሌክትሮን በተባለ መሣሪያ የተሠሩ ስለሆኑ እያንዳንዳቸው የክሮሚየም ብራውዘርን ሞተር ይዘው ይመጣሉ፤ አንድ ብራውዘር ለሁሉም ይበቃል፣ እዚያው በታብ ይክፈቷቸው።

ዚራም ምንድን ነው? ልጠቀምበት?

ይጠቀሙበት። አነስተኛ ራም ላለው ሰው ከዴስክቶፕ መቀየር ቀጥሎ የማውቀው ትልቁ ነገር ይህ ነው፤ አንዳንዴም ይበልጠዋል። ዚራም ከራሙ ላይ ቦታ ወስዶ በማመቅ እንደ ስዋፕ ይሠራል። ለጊዜው ያልተፈለገ የፕሮግራም ክፍል ወደ ዲስክ ከመሄድ ይልቅ ታምቆ እዚያው ራም ላይ ይቆያል፤ መጠኑም ብዙውን ጊዜ ወደ ግማሽ ወይም ወደ ሲሶ ይወርዳል። ፕሮሰሰሩ ጥቂት ይደክማል፤ ዲስክ ከመጠበቅ ግን እጅግ ይፈጥናል። በ2014 በከርነል 3.14 ሙሉ ተቀባይነት ያገኘ ሲሆን ፌዶራ በ2020 ከወጣው 33ኛ እትም ጀምሮ ለሁሉም ተጠቃሚ አብርቶ ይጭነዋል። በሌሎች ዲስትሮዎች አንድ ፓኬጅ መጫን ይበቃል።

ከርነሉ ምን ያህል ቶሎ ወደ ስዋፕ እንደሚሄድ የሚወስነው፣ ስዋፒነስ የሚባለው ቅንብር በነባሪ 60 ነው። ዝቅ አድርጉት የሚለው የቆየ ምክር የተሰጠው ስዋፕ ዲስክ ላይ ለሚሆንበት ሁኔታ ነው። ዚራም ሲኖር ከፍ ማድረግ ነው የሚያዋጣው፤ አዳዲስ ከርነሎች እስከ 200 ይቀበላሉ። ከዚራሙ ጎን በዲስክ ላይ መለስተኛ የስዋፕ ፋይል ማኖርም አይከፋም፤ ያለዚያ ራሙ ጢም ብሎ ሲሞላ ከርነሉ አንድ ፕሮግራም መርጦ ይገድላል፤ ተራው የሚደርሰውም ብዙ ጊዜ ሲሠሩበት የነበረው ብራውዘር ነው።

ኮምፒውተሬ 32 ቢት ነው። ምን አማራጭ አለኝ?

መጀመሪያ ፕሮሰሰሩ ራሱ 32 ቢት መሆኑን በኤልኤስሲፒዩ ትዕዛዝ ያረጋግጡ። ብዙ ኮምፒውተሮች ባለ 64 ቢት ፕሮሰሰር ይዘው 32 ቢት ሲስተም ተጭኖባቸው ነው የተሸጡት፤ ኮር 2 ዱዮ ያላቸው ሁሉ 64 ቢት ናቸው። በእርግጥ 32 ቢት ከሆነ አማራጩ እየጠበበ ነው። በነሐሴ 2025 የወጣው ዴቢያን 13 ለእነዚህ ፕሮሰሰሮች መጫኛ አያዘጋጅም፤ ዴቢያን 12 ግን ነበረው። 32 ቢት ሲስተም ራም በመቆጠብ በኩል በጥቂቱ የተሻለ ነበር፤ አድራሻዎቹ ግማሽ ቦታ ስለሚይዙ። ለዚያ ብሎ ግን ዛሬ ወደ ኋላ መመለስ አይመከርም።

ዌይላንድ ወይስ ኤክስ11?

ሁለቱም መስኮቶች በስክሪን ላይ የሚሣሉባቸው ሥርዓቶች ናቸው፤ ኤክስ11 የቆየው፣ ዌይላንድ አዲሱ። በራም ምክንያት አይምረጡ። ኤክስኤፍሲኢ 4.20 ዌይላንድን ለሙከራ ብቻ ያቀርባል፤ ኤልኤክስኪውቲም በኅዳር 2024 በወጣው 2.1 በር ከፍቶለታል። ቀላል ዴስክቶፖች ዛሬም በኤክስ11 ላይ የበሰሉ ስለሆኑ ለጊዜው እዚያው ይቆዩ። በዌይላንድ በኩል ተስፋ ያለው ቀላል አስተዳዳሪ የኦፕንቦክስን መንፈስ የያዘው ላብደብሊውሲ ነው፤ የትንሿ ኮምፒውተር የራስበሪ ፓይ ሲስተም ከጥቅምት 2024 ጀምሮ እሱን መርጧል።

ከዚህ ሁሉ ራም ብጨምር አይሻልም?

የሚጨመርበት ቦታ ካለ፣ ይሻላል። ክፍት ቦታ መኖሩንና የራሙን ዓይነት ዲኤምአይዲኮድ የሚባለው ትዕዛዝ ኮምፒውተሩን ሳይፈቱ ይነግርዎታል። ዲዲአር3 እና ዲዲአር4 አይተካኩም፤ በብዙ ቀጫጭን ላፕቶፖች ላይ ደግሞ ራሙ ከቦርዱ ጋር ስለተበየደ መጨመር አይቻልም። እንዲያ ከሆነና ዲስኩ የሚሽከረከር ዓይነት ከሆነ የማይሽከረከረውን ዲስክ፣ ኤስኤስዲ ይግዙ። ራሙን አያበዛም፤ ነገር ግን ሲስተሙ ወደ ስዋፕ በሄደ ቁጥር የሚያስጠብቅዎትን ጊዜ በእጅጉ ያሳጥረዋል።